ሰባተኛው ፓርት የጎደለበት ሠርግ

እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚመጣው ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው። ሆሳዕና ውስጥ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈትና የስልክ ጥገና በአንድ ክፍል ከሚሠራባቸው ቤቶች በአንዱ፣ ነጠላ የደረቡ እናት ስልካቸውን ለባለሙያው ልጅ ያቀብሉታል። ወንድ ልጃቸው ጆሃንስበርግ ላይ አግብቷል። ሠርጉ ላይ አልተገኙም፤ ቪዛውም፣ የአውሮፕላኑ ዋጋም አልሆነላቸውም። ቪዲዮው ግን ደርሷቸዋል፤ በቴሌግራም፣ አሥር ፋይል ሆኖ።

«አንዱም አልከፈት አለኝ። አንተ ክፈትልኝ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ አሥሩም ወርደዋል?»

«ወርደዋል እንጂ። በሌሊት ፓኬጅ ነው ያወረድነው፤ እህቱ ስትጠብቅ ነው ያደረችው።»

ልጁ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኛል፤ ፋይሎቹን ወደ አንድ ፎልደር ይገለብጣል፤ የመጀመሪያውን ተጭኖ እንዲፈታ ያዛል። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። ከመቶ ስድሳ ሦስት ላይ ሲደርስ ቀጥ ይልና ቀጣዩን ፓርት የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል። ዝርዝሩን ሲያየው ስድስተኛው ሁለት ጊዜ አለ፤ የአንደኛው ስም ጫፍ ላይ በቅንፍ 1 ቁጥር ተጨምሮበታል። ሰባተኛው የለም። ላኪው ስድስተኛውን ደግሞት ሰባተኛውን ዘሎታል። ቁጥሩ አሥር ስለሞላ ላኪም ተቀባይም አላስተዋሉም።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ስደት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና በዙሪያቸው ካሉ ወረዳዎች የወጡ ወጣቶች ጄፒ በሚባለው የጆሃንስበርግ የንግድ ሰፈርም ሆነ ርቀው ባሉ የገጠር ከተሞች ሱቅ ከፍተው ይሠራሉ። ገንዘቡ በአንድ በኩል ይመጣል፤ ፋይሉ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይጓዛል። ከዚያ የሠርግ ቪዲዮ ይመጣል። ከዚህ ደግሞ የሀዲያው ያሆዴ፣ የከምባታው መሳላ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዝማሬ፣ የአባት ቀብር ይላካል። ሠርጉ ሌላ ካሜራ ይዞት ሊሆን ይችላል። ወንዝ ማዶ ያለ ልጅ ያልደረሰበት የአባቱ ቀብር ግን ብዙ ጊዜ የተቀረጸው አንዴ ነው፤ ያለውም አንድ ቅጂ ነው። ስለዚህ ተከፋፍሎ የተላከን ፋይል እንዴት መግጠም እንደሚቻል ማወቅ እዚህ አገር የኮምፒውተር አዋቂ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ቪዲዮው ለምን አሥር ሆነ? ቴሌግራም ለተራ ተጠቃሚ ከ2 ጂቢ የሚበልጥ ፋይል አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ገደቡ 1.5 ጂቢ ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ በወር ለሚከፍሉት ወደ 4 ጂቢ ከፍ ብሏል። ጥራቱ ያልቀነሰ የሙሉ ቀን ሠርግ 18 ጂቢ ቢመዝን፣ በ1.9 ጂቢ ሲቆረጥ ዘጠኝ ሙሉና አንድ ጎደሎ ይወጣዋል። በኢሜይል የሚላክማ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ጂሜይል በአንድ መልእክት ከ25 ሜጋ ባይት በላይ አያያይዝም።

የመቆራረጡ ዘዴ ከቴሌግራም በብዙ ይቀድማል። በፍሎፒ ዲስክ ዘመን አንዱ ዲስክ የሚይዘው 1.44 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር፤ የእናትየውን ልጅ ሠርግ በፍሎፒ መላክ ቢያስፈልግ ከ12 ሺህ በላይ ዲስክ ይፈጅ ነበር። አሜሪካዊው ፊል ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ዚፕን ይዞ መጣ። ሩሲያዊው የቭጌኒ ሮሻል በ1993 ራርን ሠራ፤ የፕሮግራሙ ስም የመጀመሪያ ፊደል የመጣው ከእርሱ ስም ነው። ሌላው ሩሲያዊ ኢጎር ፓቭሎቭ ደግሞ በ1999 ሰቨን ዚፕን በነፃ ለቀቀው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ሱቆች ኮምፒውተር ላይ ዊንራር ወይም ሰቨን ዚፕ አለመጫኑ ብርቅ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ዜድአርካይቨርና የራር የአንድሮይድ መተግበሪያ አሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ፓርት ምን እንደሆነ ላይ ነው። አሥር ፓርት ማለት አሥር አጫጭር ቪዲዮ አይደለም። አንድን መጽሐፍ ገጽ ሳይመርጡ፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ፣ አንዳንዴም ቃል ከመሐሉ ቀድደው አሥር ቦታ ቢከፍሉት እንደማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ለብቻው ከፍቶ «እስቲ ምን አለበት» ማለት አይቻልም። የሚከፈተው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ፕሮግራሙ ራሱ በስማቸውና በቁጥራቸው እየፈለገ ይጠራቸዋል። ለዚህም ሁሉም በአንድ ፎልደር ውስጥ፣ ላኪው በሰጣቸው ስም መገኘት አለባቸው። ስልክ አንድን ፋይል ደግሞ ሲያወርድ ስሙ ላይ የሚጨምራት ቅንፍ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ትበቃለች። መፍትሔዋ ቀላል ነው፦ ቅንፏን አጥፍቶ ስሙን እንደ ወንድሞቹ ማድረግ።

«የመጀመሪያው» የትኛው እንደሆነም እንደ አሠራሩ ይለያያል። በአዲሱ የራር አሰያየም ስሙ ውስጥ ፓርት 1 የሚል አለበት። በአሮጌው ግን ቁጥር የሌለው፣ በራር ብቻ የሚያልቀው ነው መሪው፤ 00፣ 01 እያሉ የሚቀጥሉት ተከታዮቹ ናቸው። በሰቨን ዚፕ 001 የሚለው ነው። የሰቨን ዚፕ ቁራጮች ምንም ተጨማሪ ምልክት የሌለባቸው ንጹሕ ቁርጥ ስለሆኑ፣ ፕሮግራሙ እንኳ ባይኖር በተርታ ጫፍ ለጫፍ በማጣበቅ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ራር እንደዚያ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ፓርት የራሱ ራስጌ ስላለው ዝም ብሎ ማጣበቅ ፋይሉን ያበላሸዋል። የዚፕ ደግሞ ግራ ያጋባል፦ በዚፕ የሚያልቀው ፋይል የመጨረሻው ቁራጭ ነው፤ የይዘቱ ማውጫ ያለው እርሱ ውስጥ ነው። እርሱን ያልላከ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢልክም ምንም አላደረሰም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ገንዘብና ሌሊት የሚያባክንበት ስለሆነ ነው። ቪዲዮ ሲጨመቅ አያንስም። ካሜራው ሲቀርጽ፣ ኤዲተሩም ሲያወጣው ቀድሞ ተጨምቋል። ላኪው «እጅግ ጥብቅ» የሚለውን የመጭመቂያ ደረጃ መርጦ ላፕቶፑን ሰዓታት ቢያስለፋው የሚያተርፈው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ለቪዲዮ፣ ለፎቶና ለዘፈን ትክክለኛው ምርጫ ሳይጨምቁ መቆራረጥ ብቻ ነው። በጽሑፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ደግሞ በፊደል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ይህ መደጋገም ለመጭመቂያ ፕሮግራም ሲሳይ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ ትንሽ ክፋይ ይወርዳል።

ወደ ጎደለው እንመለስ። ልጁ ሱቅ ውስጥ ያየው ጥያቄ ከሚመጡት ሁሉ የዋሁ ነው፤ የጎደለውን በቁጥር ነግሮታል። የሚያስቸግሩት ሌሎች ሁለት መልእክቶች ናቸው። አንደኛው ማህደሩ፣ ማለትም ፓርቶቹ አንድ ላይ የሚሠሩት ፋይል፣ ሳይጠበቅ አለቀ ይላል፤ አንዱ ፓርት ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም የስልኩ ሜሞሪ ሲሞላ ይህ ይመጣል። ሁለተኛው የማረጋገጫው ቁጥር አልገጠመም ይላል። ማህደሩ ሲሠራ ፕሮግራሙ ከፋይሉ ይዘት አንድ ቁጥር አስልቶ አብሮ ያስቀምጣል፤ ሲፈታ ደግሞ እንደገና አስልቶ ያመሳክራል። ቁጥሩ ሊሆን የሚችለው ከ4 ቢሊዮን በላይ ዓይነት ስለሆነ፣ ከ18 ጂቢው ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ ሳይታወቅ የማለፍ ዕድሏ የለም በሚባል ደረጃ ነው። ሰው «ትንሽ ስሕተት ነው፣ ይለፈው» ቢልም ፕሮግራሙ በከንቱ ግትር አልሆነም፤ የተበላሸ ነገር እንዳይቀበሉ እያስጠነቀቀ ነው።

ግማሽ ላይ የቀረውን ፓርት ከመፍታት በፊት በዓይን መያዝ ይቻላል። ከመጨረሻው በስተቀር ፓርቶቹ ሁሉ እስከ ባይት እኩል መሆን አለባቸው። ዝርዝሩን በመጠን አስደርድሮ አራተኛው ከሌሎቹ ካነሰ፣ የተቆረጠው እርሱ ነው፤ እርሱን ብቻ ደግሞ ማውረድ ይበቃል። አሥሩንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር በዳታ ዋጋ የሚከፈል ስሕተት ነው። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ግማሽ ላይ የቀሩ ማውረዶች ስንት እንደነበሩ መገመት አይከብድም። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ከዜሮ ያወረደና የጎደለውን ለይቶ ያወረደ ሰው የከፈሉት ዋጋ እኩል አይሆንም።

አሥሩም ተሟልተው እንኳ የሚመጣ ሌላ እንቅፋት አለ፤ በኔ አስተያየት እዚህ አገር ከሁሉ የሚበዛውም እርሱ ነው። ደንበኛው ፍላሹን ይሰጥና «እዚህ ላይ ፍታልኝ» ይላል። ፓርቶቹ ፍላሹ ላይ በሰላም ተቀምጠዋል። መፍታት ሲጀመር ግን 4 ጂቢ ላይ ይቆማል፤ ፍላሹ ባለ 64 ጂቢ፣ ባዶ ቦታው የተትረፈረፈ ቢሆንም። ምክንያቱ የፍላሹ አደራደር ነው። ፋት 32 የሚባለው አሮጌ አሠራር ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥን አንድ ፋይል መያዝ አይችልም። ቁራጮቹ ከዚያ በታች ስለሆኑ አለፉ፤ የተገጠመው አንድ ቪዲዮ ግን አለፈው። ፍላሹ ላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተር አውጥቶ ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ መፍትሔው ነው። ፎርማት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ቅደም ተከተሉ መዘንጋት የለበትም። ቦታን በተመለከተም፣ 18 ጂቢ ፓርትና ከእርሱ የሚወጣው 18 ጂቢ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ስለሚቀመጡ 36 ጂቢ ያስፈልጋል። ባለ 32 ጂቢ ስልክ ላይ ይህን መሞከር ዳታም ባትሪም ማባከን ነው፤ ወደ ኮምፒውተር ቤት መሄድ ይሻላል።

እናትየው ቤት ውስጥ የተነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «ሰባተኛውን ብቻ ይላክልን።» ልጃቸው ደውለውለት ይነሣል። ፓርቶቹን ልኮ እንደጨረሰ ላፕቶፑ ቦታ እንዲያገኝ አጥፍቷቸዋል። ዋናው ቪዲዮ ግን አለው። «እንደገና ቆርጬ ሰባተኛውን እልካለሁ» ይላል፤ ይልካልም። ሰባተኛው ይደርሳል፣ ፎልደሩ ውስጥ ይገባል፣ መስመሩ ከመቶ ስድሳ ሦስት ያልፍና በስሕተት ይቆማል። ሁለተኛው ሰባተኛ የመጀመሪያዎቹ ወንድም አይደለም። ፓስወርድ የተደረገበት ማህደር በተሠራ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይቀላቀልበታል፤ ያው ቪዲዮ፣ ያው ፓስወርድ፣ ያው መጠን ቢሆንም ይዘቱ ከቀድሞው ፍጹም የተለየ ይሆናል። የመቁረጫ መጠኑን በጥቂቱ የለወጠ ወይም የፕሮግራሙን ሌላ ስሪት የተጠቀመም እንዲሁ አይገጥምለትም። የተረፈው አሥሩንም እንደገና መላክ፣ አሥሩንም እንደገና ማውረድ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስቀር መላ ከብዙ ዓመት በፊት ተሠርቷል፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካውያኑ የሒሳብ ሊቃውንት አርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን የጠፋን መረጃ ከተረፈው አስልቶ የሚመልስ ስሌት አሳተሙ። የሲዲ ጭረትን ችሎ የሚያነበው መሣሪያ፣ ጥጉ የተቀደደን የኪውአር ኮድ የሚያነበው ስልክ በዚህ ስሌት ይሠራሉ። ሐሳቡን በቀላል ቁጥር ማየት ይቻላል፦ 7፣ 4 እና 9 ሊልኩ ነው፤ ድምራቸውን 20ን አራተኛ አድርገው ይልካሉ። መንገድ ላይ 4 ቢጠፋ፣ ተቀባዩ ከ20 ላይ 7ንና 9ን ቀንሶ ያገኘዋል። የትኛውም አንድ ቢጠፋ ይመለሳል። ሪድና ሰለሞን ይህን ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ለሚጠፋበት ጊዜ አስፍተውታል።

ዊንራር ማህደር ሲቆርጥ «የማዳኛ ፓርት» እንዲሠራ የሚጠይቅበት ቦታ አለው፤ ስማቸው በሬቭ የሚያልቅ ፋይሎች ያወጣል። አንድ ሬቭ አንድ የጠፋ ፓርትን ይተካል፤ ሰባተኛውን ይሁን ሦስተኛውን አይመርጥም። ለአሥር ፓርት አንድ ሬቭ ቢጨመር ላኪው ተጨማሪ 1.9 ጂቢ ያህል ይልካል። ተቀባዩ ግን ሁሉ ከተሟላለት ሬቩን ማውረድ እንኳ አያስፈልገውም። የእናትየው ልጅ ይህን አንድ ምልክት አድርጎ ቢሆን፣ እህቱ ደግማ ሌሊቱን አትጠብቅም ነበር። ሰቨን ዚፕ እነዚህን የማዳኛ ፓርቶች አይጠቀምባቸውም፤ ስለዚህ ለሩቅ ሰው ለሚላክ፣ ደግሞ ለማይገኝ ነገር ራርን እመርጣለሁ።

ችግሩ በሠርግ አያልቅም። የከተማዋን የቀድሞ ስም የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ፣ ሌላው ግቢው ዱራሜ ላይ ተማሪ ያስተምራሉ። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ግቢዎች ሁሉ የምሕንድስናና የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች፣ የትምህርት ቪዲዮዎች ከነባር ተማሪ ወደ አዲስ በፍላሽ ይተላለፋሉ፤ ብዙዎቹ ተቆራርጠው ነው። እዚህ ላይ የጎደለ ፓርት ሳይሆን የተረፈ ፋይል ነው የሚያስፈራኝ። ዊንዶውስ የፋይልን የመጨረሻ ቅጥያ ደብቆ ስለሚያሳይ፣ የማህደር ምስል ለብሶ የሚሠራ ፕሮግራም የሆነ ቫይረስ በቀላሉ ይገባል። ዊንራር ራሱም ቀዳዳ ተገኝቶበታል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ለ19 ዓመት ያህል ሳይታይ የኖረ፣ በ2023 እና በ2025 ደግሞ አጥቂዎች አስቀድመው ሲጠቀሙባቸው የተገኙ። ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ አያድስም፤ ከዓመታት በፊት የተጫነው ቅጂ ቀዳዳውን ይዞ ይኖራል። ከ7.13 በታች የሆነ ስሪት ያለው ሱቅም፣ ቢሮም፣ ተማሪም ዛሬውኑ ይቀይረው።

ስለ ፓስወርድ አጭር ነገር። የአዲሱ ራርና የሰቨን ዚፕ ምሥጢር አያያዝ ባንኮች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው፤ ጠንካራ ፓስወርድ ከጠፋ የጓሮ በር የለውም። «እሰብርልሃለሁ» ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅን አትመኑ። ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ግን አንድ ነገር ይታይ፦ ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ ሆኖ የእንግሊዝኛ ፓስወርድ እየተጻፈ ሊሆን ይችላል። ፊደሉ በኮከብ ስለሚሸፈን ስሕተቱ አይታይም። ሌላ ቦታ ጽፎ አይቶ መገልበጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአብዛኛው ለተቀባይ ነው፤ ሸክሙ የወደቀው እርሱ ላይ ስለሆነ። ይህ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ጆሃንስበርግ ወይም አዲስ አበባ ያለው ላኪ ዋናው ፋይል በእጁ አለ፤ ብዙ ጊዜም የተሻለ መስመር አለው። ሆሳዕና፣ ሾኔ ወይም ሐደሮ ያለው ተቀባይ ደግሞ በየጂቢው ይከፍላል፤ ሲበላሽም ምን እንደተበላሸ የሚነግረው የለም። ላኪው ላይ አሥር ደቂቃ የማይወስድ ጥንቃቄ ተቀባዩን ሌሊቶች ያተርፈዋል።

ስለዚህ በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ ላኪዎች፣ ቪዲዮ ቤቶችና ቢሮዎች፦ ቪዲዮ ሳትጨምቁ ቁረጡ፤ ቢያንስ አንድ የማዳኛ ፓርት ጨምሩ። ከመላካችሁ በፊት ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የመፈተኛ ቁልፍ ተጫኑ። ስንት ፓርት እንደሆነ፣ የእያንዳንዱን መጠንና ፓስወርዱን በግልጽ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናታችሁ ደውለው «ተከፍቷል፣ አየሁት» እስኪሉ ድረስ የላካችኋቸውን ፓርቶች አታጥፉ።